ገመዱና ሳንቃው የሚያስተምሩን

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሁሉ፣ እኛም ዕውቀት ከሩቅ አገር በሣጥን ታሽጎ እስኪመጣልን ስንጠብቅ፣ በየሰፈራችን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን መምህር ሳናየው እናልፋለን። ይህም መምህር ሌላ ሳይሆን ልጆቻችን የሚጫወቱበት ዥዋዥዌ ነው። አንባቢያችን «በእሑድ ቀን ስለ ልጆች ጨዋታ መጻፍ ምን ይረባል?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት፣ ነገሩ ከኤሌክትሪክ መብራታችንና ከምንኖርበት ቤት ደኅንነት ጋር የተያያዘ መሆኑን እናሳየው ዘንድ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ወደ አዳማ ወርደን ነበር። ሥራችንን ጨርሰን ወደ ማታ ገደማ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን ስንዘዋወር፣ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ልጆች ተሰብስበው አየን። ከአንዱ ቅርንጫፍ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዥዋዥዌዎች ተንጠልጥለዋል። በአንዱ ላይ ወፈር ያለ ጐረምሳ፣ በሁለተኛው ላይ ዐሥር ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ተቀምጠዋል። የቀሩት «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ብለው ቈጠሩና ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለቀቋቸው። ውርርዱ ማን ቀድሞ ይመለሳል ነው። ጐረምሳው በክብደቱ ተማምኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁለቱም አብረው ሄደው አብረው ተመለሱ። ደግመው ሞከሩት፤ እንደዚያው ሆነ።

እኛም የፊዚክስ ትምህርት የቀመስን መሆናችንን ለማሳየት ቸኩለን «የሚመላለስበት ጊዜ በክብደት አይወሰንም» አልናቸው። ትንሿ ልጅ ቀና ብላ ተመለከተችንና «እሱንማ እኛም አየነው ጋሼ፤ ለምን እንደሆነ ይንገሩን እንጂ» አለች።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አፈርን። የዚህን ነገር ሒሳብ በሁለተኛ ደረጃም በዩኒቨርሲቲም ተምረነዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ነገር ግን ሰዓት ይዘን ከአንድ ዥዋዥዌ ሥር ቆመን አናውቅም። በተማርንበት ትምህርት ቤት የሙከራ ዕቃ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ግን እንዳይሰበር ተብሎ በተቈለፈ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ እኛ በመስኮት እያየነው ተመርቀን ወጣን። የእኛ ነገር የብዙ እኩዮቻችንም ነገር ይመስለናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ሁሉ ደንግጧል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ቃሉን ማጥናት ነገሩን ማወቅ መስሎን መኖራችን ነው ብለን እናምናለን።

ለልጅቷ የሰጠናትን መልስ በመጨረሻ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ከሚያልፈው የፈረስ ጋሪ ነው። አንድ ኩንታል የጫነ ጋሪ በአንድ ፈረስ ቢጐተት፣ ሁለት ኩንታል የጫነ ደግሞ ኃይላቸው እኩል በሆነ ሁለት ፈረሶች ቢጐተት ማን ይቀድማል? እኩል ይሄዳሉ። መሬትም ጐረምሳውን ከልጅቷ አብልጣ ትስበዋለች፤ እርሱ ግን ለመነቃነቅ በዚያው መጠን ይከብዳል። የተጨመረለትን ስበት የተጨመረው ክብደቱ ይበላበታል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ይመላለሳሉ። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ሣቀች፤ ጐረምሳው ግን የተረታ መሰለው።

እንግዲህ ጊዜውን የሚወስነው ክብደት ካልሆነ ምንድን ነው? ርዝመት ነው። ከቅርንጫፉ እስከ ልጁ ወገብ ያለው ርዝመት አንድ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። አራት ሜትር ቢሆን ደግሞ አራት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ውዝዋዜው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ጥቂት ቢገፉትም ጥቂት ጨምረው ቢገፉትም ጊዜው አይለወጥም ማለት ይቻላል። በጣም ከፍ ሲል ግን ምልልሱ ትንሽ ይረዝማል።

ጋሊሌዎ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በወጣትነቱ በፒዛ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ፋኖስ አይቶ፣ ምልልሱን በገዛ እጁ የደም ሥር ትርታ እንደ ለካው ይነገራል። ከእርሱ በኋላ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1656 ዓ.ም. ይህንኑ ውዝዋዜ ከሰዓት ጋር አገናኝቶ ዓለም እስከዚያ ጊዜ ያላየችውን ትክክለኛ ሰዓት ሠራ። በ1672 ዓ.ም. ደግሞ ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ የተስተካከለ ሰዓት ይዞ በምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካየን ቢሄድ፣ ሰዓቱ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ የሚቀርበት ሆነ። የተበላሸው ግን ሰዓቱ አልነበረም፤ በዚያ ሥፍራ የመሬት ስበት ከፓሪስ ጥቂት ያንሳል። የእኛም አገር ለምድር ወገብ የቀረበና ከፍታ ያለው ስለሆነ፣ የፓሪስ ሰዓት ወደ አዳማ ቢመጣ እንደዚሁ በቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ይዘገይ ነበር።

ይህን ያነበበ ተማሪ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። አንድ ሜትር መለኪያና ሰዓት ያለው የእጅ ስልክ ይበቃዋል። ለምሳሌ ከቅርንጫፉ እስከ ተቀማጩ ወገብ ድረስ 2.5 ሜትር አገኘ እንበል። ዥዋዥዌውን በትንሹ አወዛውዞ ዐሥር ምልልስ ይቈጥራል፤ 31.8 ሴኮንድ ፈጀ እንበል። ስለዚህ አንዱ ምልልስ 3.18 ሴኮንድ ነው። አሁን ርዝመቱን በ39.5 ያባዛል፤ 98.75 ይሆናል። ይህን ለ3.18 በ3.18 ብዜት፣ ማለት ለ10.11 ቢያካፍለው 9.77 ያገኛል። ይህም ቍጥር መሬት በአዳማ የምትስብበት መጠን ነው፤ የወደቀ ነገር በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በዚህን ያህል ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። በገመድና በሳንቃ የመሬትን ስበት የለካ ተማሪ፣ ያን ቍጥር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጉልበት ነው። ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዥዋዥዌ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ለቅጽበት ቆም ሲል፣ ወደ 245 ጁል የሚሆን ጉልበት በከፍታው ታምቆ ይቀመጣል። ሲወርድ ይህ የታመቀ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ይለወጥና፣ ከታች ሲደርስ ልጁ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ይበራል። ወደ ማዶ ሲወጣ ደግሞ እንቅስቃሴው ተመልሶ ከፍታ ይሆናል። ጉልበቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ውሎ አድሮ ዥዋዥዌው የሚቆመው ነፋሱ ስለሚያግደውና ገመዱ ከቅርንጫፉ ጋር ስለሚፋተግ ነው። ያም ጉልበት ቢሆን ወደ ሙቀት ተለወጠ እንጂ ከዓለም አልወጣም። ልጁ በእግሩ እየተወራጨ ሲያወዛውዘው ደግሞ ጉልበቱ የሚመጣው ከየት ነው ቢሉ፣ ጧት ከበላው ቁርስ ነው።

አዳማ ይህን ለማስተማር እንደ ተመረጠች ከተማ ናት። ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ ወንዝ በቆቃ ተገድቧል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫ 43.2 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ከእርሱ በታች በዚያው ወንዝ ላይ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተከትለውታል። በግድቡ ውስጥ ከፍ ብሎ የተጠራቀመው ውኃ በዥዋዥዌው ጫፍ ላይ ቆም ያለውን ልጅ ይመስላል፤ ጉልበቱ በከፍታው ታምቋል። ውኃው ሲለቀቅ ከፍታው ወደ ፍጥነት ይለወጥና ፍጥነቱ ተርባይኑን ያዞራል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሜትር ብቻ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት፣ ያ ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ዓይነት አርባ ልጆች ከዚያው ከፍታ ሲወርዱ ከሚሰጡት ጋር እኩል ነው።

ቀና ብለን ወደ ኮረብታዎቹ ብንመለከት ደግሞ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ እናያለን። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠሩ ናቸው። የእነዚህ ጉልበት ከከፍታ ሳይሆን በቀጥታ ከሚሮጠው ነፋስ የተወሰደ ነው። እንግዲህ አንድ የአዳማ ተማሪ በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ወደ ቆቃና ወደ ኮረብታው ቢያመለክት፣ የታመቀ ጉልበት ምን እንደሆነና የእንቅስቃሴ ጉልበት ምን እንደሆነ ሳይንተባተብ ሊናገር ይችላል። ታዲያ ይህ ተማሪ በመብራት ሥር ቁጭ ብሎ ፍቺውን በቃሉ ሲያነበንብ ማየት አያሳዝንም?

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምሥጢር አለ፤ ይኸውም ከጉልበት ይልቅ ጊዜውን መጠበቅ ይበልጣል። ትልቅ ሰው ያለ ጊዜው ቢገፋ ዥዋዥዌውን ያቆመዋል። ትንሽ ልጅ ግን ዥዋዥዌው ተመልሶ ሊሄድ ሲል በየጊዜው በጣቷ ብትነካው፣ ከእርሷ እጥፍ የሚከብደውን ሰው ከፍ አድርጋ ታወዛውዘዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ይህ ነገር የዋዛ አይዶለም። ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ የተዘረጉት ከተሞቻችን የቆሙት ገና በመሰንጠቅ ላይ ባለች ምድር ላይ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በዚህ ሸለቆ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ ለወራት የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል፤ ከሩቅ ባሉ ከተሞችም በየቤቱ የተንጠለጠለው መብራት ሲወዛወዝ ታይቷል። ጋሊሌዎን ያስተማረው ፋኖስ እኛንም በገዛ ቤታችን ጐበኘን ማለት ነው።

ሕንፃም በበኩሉ ተገልብጦ እንደ ቆመ ዥዋዥዌ ነው። ሲነቀነቅ የራሱ የሆነ የምልልስ ጊዜ አለው። በግምት ሲነገር ባለ ዐሥር ፎቅ ሕንፃ በአንድ ሴኮንድ ያህል ይመላለሳል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ደግሞ ከዚያ በጣም ፈጥኖ ይመላለሳል። ገመዱ ሲረዝም ምልልሱ እንደሚዘገይ፣ ሕንፃውም ሲረዝም ይዘገያል። መሬት የምትነቃነቅበት ጊዜና ሕንፃው የሚመላለስበት ጊዜ ከተገጣጠሙ፣ ያቺ ልጅ በጣቷ እንዳደረገችው ሁሉ እያንዳንዱ ትንሽ ግፊት በፊተኛው ላይ ይደመራል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የደረሰው ይህ ነው። የመንቀጥቀጡ ምንጭ ከከተማይቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ነገር ግን ከተማይቱ በቀድሞ ሐይቅ ለስላሳ አፈር ላይ የቆመች ስለሆነች፣ አፈሩ በሁለት ሴኮንድ ገደማ እየተመላለሰ ተወዛወዘ። ለዚህ ምልልስ የተስማሙት ከስድስት እስከ ዐሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ተጐዱ። በሐይቅ ዳር ከተማ ለምናስፋፋው ለእኛ ይህ ታሪክ የሰው አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

መንቀጥቀጡን የሚለካው መሣሪያም ቢሆን ከዚሁ ከዥዋዥዌ ወገን ነው። የቀድሞው ዓይነት የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ በቀላሉ የተንጠለጠለ ከባድ ነገር ነበር። መሬትና ሣጥኑ ሲነቃነቁ፣ ክብደቱ ባለበት መቆየትን ስለሚመርጥ የሁለቱ ልዩነት በወረቀት ላይ ይጻፋል። በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በዚያን ጊዜው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመውና አባ ፒየር ጉዌን የመሩት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ሙያ በአገራችን ተክሏል። እኒሁ ሊቅ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ሰብስበው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. አሳትመዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንላለን? በመጀመሪያ ለመምህራን፦ የሙከራ መሣሪያ አይምጣ አላልንም፤ ይምጣ። ግን እስኪመጣ ድረስ ገመድና ሳንቃ አለ። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ዥዋዥዌዎች ቢሰቀሉ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ሁሉ ይማሩባቸዋል። ትንሹ ይቈጥርባቸዋል፤ ከፍ ያለው ጊዜ ይለካባቸዋል፤ ትልቁ ስለ ጉልበት ይመራመርባቸዋል። «ፈተናው ይህን አይጠይቅም» የሚሉ አይጠፉም። ፈተናው በእርግጥ ስለ ሳንቃው አይጠይቅም፤ ስለ ፔንዱለም ግን ይጠይቃል፤ የሁለቱም ሕግ አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደኛው በቅርብ ተመርቀው በየማዘጋጃ ቤቱ ለተቀመጡ ወጣት ሹማምንት የምንለው አለን። የአዳማ ትልልቅ ሆቴሎች ከአዲስ አበባ ለሚመጣው እንግዳ ልጆች የመጫወቻ ሥፍራ አዘጋጅተዋል፤ መልካም አድርገዋል። ዳሩ ግን የሆቴል ሒሳብ የማይከፍለው የሰፈር ልጅ የት ይጫወት? በካርታ ላይ «የልጆች መጫወቻ» ተብሎ የተጻፈ መሬት ለሌላ ጉዳይ እንዲሰጥ ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ የምትፈርሙት በባዶ መሬት ላይ እንዳይመስላችሁ። የአንድ ሰፈር ቤተ ሙከራ እየዘጋችሁ ነው።

ዥዋዥዌውንም ስታሠሩ በጥንቃቄ ይሁን። ገመዱ 2.5 ሜትር ሆኖ ልጁ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ከታች ሲደርስ ገመዱ የሚሸከመው የልጁን ክብደት ብቻ ሳይሆን ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋውን ነው፤ 25 ኪሎው ልጅ 45 ኪሎ ሆኖ ይከብደዋል። ሁለት ልጆች ተደርበው ከተቀመጡ ይህም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ገመዱ ሲመረጥ ይህ ታስቦ፣ ከሥሩም ሲሚንቶ ሳይሆን አሸዋ ተደርጎ ይሁን። ይህን ማስላት የቻለ ሹም፣ የሕንፃ ፈቃድ ማመልከቻ በቀረበለት ጊዜም «ይህ ቤት መሬት ስትነቃነቅ በስንት ሴኮንድ ይመላለሳል? የቆመበት አፈርስ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መሐንዲሱን ለመጠየቅ ያውቅበታል። ጥያቄውን የማያውቅ ግን ማኅተሙን ይመታል፤ ሰውም ገብቶ ይኖርበታል።

ሦስተኛ ለእናንተ ለተማሪዎች፦ ማንንም አትጠብቁ። ዛሬ እሑድ ነው። ገመድ፣ ሜትርና ሰዓት ይዛችሁ ውጡ። ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ተወዛወዙና ምልልሱን ለኩ። ስትቆሙ ለምን እንደሚፈጥን ራሳችሁ ድረሱበት። ያገኛችሁት ቍጥር ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥም አትፈሩ፤ የት እንደ ተሳሳታችሁ ስትፈልጉ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው።

እኛም ከዚያች የአዳማ ልጅ ስንለይ፣ እርሷ ጥያቄዋን ገና አልጨረሰችም ነበር። «ጨረቃ ላይ ቢሰቀልስ ጋሼ?» ብላን ነበር። በዚያ የመሬትን ስበት አንድ ስድስተኛ ብቻ የሚያህል ስበት ስላለ፣ ምልልሱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል እንደሚዘገይ ነገርናት። እርሷም ዓይኗን ወደ ሰማይ አንሥታ ያንን ዝግ ያለ ዥዋዥዌ በሐሳቧ ስትወዛወዝበት አየን። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ያላት አገር የጐደላት አእምሮ አይዶለም። የጐደላት ጥያቄውን ሰምቶ ገመዱን የሚያስርላት ትልቅ ሰው ነው። ያም ሰው እያንዳንዳችን እንሆን ዘንድ ይገባል።